ሐዲድ ላይ የጎዘጎዝኩት ቄጠማ

ተረጋግቼ የማልቀመጥ ሰው ነኝ። ሰው ቤት ስጠራ እንኳ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ልጄ ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ አጥሩን ይዤ ቆሜ እጠብቃት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ ስልኬን ትራሴ ስር አድርጌ አራት ዓመት ተኛሁ፣ መተኛት ከተባለ። ሌላዋ እናት ትፈራለች፣ ከዚያ ሥራ ሲይዛት ትረሳዋለች። እኔ ሥራም ይዞኝ እፈራለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ያገባ ሰው ነው አንድ ቀን ምሳ ላይ "ደናችን ውስጥ ባቡር ልሠራ ነው" ያለው።

"ምን?"

"ባቡር። ትንሽዬ።"

"ለማን?"

"ለእንጨቱ" አለ። ዓይኑ ግን ስለ እንጨት የሚያወራ ሰው ዓይን አልነበረም።

ደኑ ከአባቴ የቀረልን ነው። ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ ሲወጣ የገብሱ ማሳ አልቆ ዳገቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይገኛል። ባህር ዛፉን አባቴ ተክሎታል፤ ጽዱንና ኮሶውን ማንም አልተከለውም፣ ድሮም ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከላይ ወርዶ እስከ ረፋድ አይለቅም፤ ጉሬዛዎቹ ሲጮኹ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም። ደኑን ለሁለት የሚከፍለው ገደል ነው። ከስሩ ወንዝ አለ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ የአባቴ በሬ ከገደሉ ጠርዝ ተንሸራቶ ሲገባ አይቻለሁ። በሬው አልጮኸም፤ የጮኸው አባቴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ገደል ስጠጋ፣ ሃያ ርምጃ ያህል ሲቀረኝ እግሬ በራሱ ይቆማል። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጸጉሬ ሸበተ፤ እግሬ ግን እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል።

ባለቤቴ የዚህ አገር ልጅ አይደለም። ያደገው ድሬዳዋ፣ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ላይ የሠሩ ሰው ነበሩ። እሱ መካኒክ ሆኖ ወደ አርሲ መጣ፣ ኮምባይነር መጠገን ጀመረ፣ እኔን አገባ፣ በዚያው ቀረ። አጨዳ ሲደርስ አንዴ ጎበሳ፣ አንዴ ሲሬ፣ አንዴ ጢቾ ይጠሩታል፤ የቀረውን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ነው። የድሬን ሙቀት ናፈቀኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ እዚህ ብርዱ ጥርስ እያንቀጫቀጨም። ስለ ባቡሩ ግን ያወራል።

መጀመሪያ ላይ በርግጥም ለእንጨቱ ነበር። አጣናውን ከላይ ለማውረድ ፈረስ ያዳልጠዋል፣ ሰውም ትከሻው ይላጣል። እሱ አንጎላሬ የሚሉትን ባለ ማዕዘን ብረት ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋው፤ ሐዲድ ሆነ። ወርዱ ሁለት ስንዝር ከጣት ነው። ከስሩ የሚጋደመውን እንጨት ከጽድ ሠራው፣ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ጎማዎቹን ቶርኖ ቤት አስቀረጸ። ሞተሩ የባጃጅ ነው፤ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ከተጣለ ኮምባይነር የተነቀለ። ከዚያ አንድ ቀን ስወጣ ፉርጎዎቹ ላይ የስፖንጅ መቀመጫ ተሠርቶላቸዋል።

"አጣናው ስፖንጅ ይፈልጋል?" አልኩት።

"አጣናም ወገብ አለው" አለኝ።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ ልማዴ ከሩቅ ቆሜ ስጨነቅ እከርም ነበር። ግን ልጃችን ገባችበት።

ልጄ አንድ ናት። ተመርቃ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማመልከቻ ያላስገባችበት ቦታ የለም። ጠዋት ተነስታ ትለብሳለች፣ ትወጣለች፣ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ትወድቃለች። ከዚያ አብራት የተማረች ጓደኛዋ አረብ አገር ገባችና መደወል ጀመረች። ስልኩ ሲጠራ ልጄ ወደ ጓሮ ትወጣለች። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑን ሳስተካክል ከአንሶላው ስር ፓስፖርት አገኘሁ። አዲስ ነው፣ ገጹ እርስ በርሱ እንደተጣበቀ ነው። መልሼ እዚያው አስገባሁት። ስንት ልጅ ከዚህ ሰፈር እንደሄደ አውቃለሁ፤ ደህና ሆነው የሚደውሉ አሉ፤ መደወል ያቆሙም አሉ። የእነዚያን እናቶች ገበያ ላይ ሳገኛቸው "ደህና ናት?" ማለት ትቻለሁ።

እንግዲህ አባቷ አንድ ጠዋት "ነይ እስቲ ይህን ብረት ያዢልኝ" ብሎ ይዟት ወጣ። ያዘችለት። በማግስቱ ሳይጠራት ወጣች። በሳምንቱ ብየዳ ያዘች።

ስትበይድ መነጽሩን ታወልቅ ነበርና አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች፤ አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥላታል። ድንች ቆርጬ ዓይኗ ላይ አደረግሁላት። ጋደም ብላ፣ ሁለት ክብ ድንች ዓይኗ ላይ ተቀምጦ፣ ትስቃለች።

"ምን ያስቅሻል?"

"እማ፣ ዛሬ ያለ አባባ እርዳታ አንድ ሙሉ ፉርጎ በይጄ ጨረስኩ እኮ።"

"ዓይንሽ ሊጠፋ ነው።"

"ዓይኔ ይመለሳል። ፉርጎው ግን ቀጥ ብሏል!"

ስልኩ ጠራ። ጓደኛዋ ናት። ልጄ እጇን ዘርግታ በዳሰሳ ዘጋችውና ወሬዋን ቀጠለች። እኔ ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከምን አላውቅም። ባቡሩ ልጄን ይዞልኛል። ግን ያ ባቡር የሚወርደው በገደሉ በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡሩ የሚያድርበት ቆርቆሮ ቤት ከላይ ነው፣ ምንጩ አጠገብ። ከዚያ ሐዲዱ በዛፎቹ መሃል ቁልቁል ይወርዳል፣ ገደሉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ከኩርባው በኋላ ሜዳው ላይ እየተዝናና እስከ ታችኛው በር ይደርሳል። ኩርባው ላይ ካልቀነሰ መታጠፉ ይቀርና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀጥ ካለ ወንዙ ነው።

"በሌላ በኩል አዙረው" አልኩት።

"በሌላ በኩል ድንጋይ ነው።"

"ድንጋይ ይሻላል።"

"ፍሬን አለው እኮ፣ አንቺ ሴት። ሁለት ፍሬን! አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ።"

በየቀኑ ምሳ ይዤ እወጣለሁ፣ ምሳው ሰበብ ነው። እየዞርኩ አያለሁ።

"ኢንስፔክተራችን መጣች" ይላል ባለቤቴ፣ ሳያየኝ።

"እማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ?"

"ያ ቡሎን ላልቷል።"

"የቱ?"

"ያ ከጎን ያለው።"

"እሱ ቡሎን አይደለም፣ የዘይቱ ክዳን ነው።"

"ላልቷል ወይስ አልላላም?"

ልጄ ነካ አደረገችው። ላልቷል። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም።

የሰፈሩ ሰው መሳቂያ አድርጎናል። ሱቅ ስገባ "ለአዳማ ስንት ሰዓት ይነሳል?" ይሉኛል፤ "በመስኮት በኩል ያዢልኝ" ይሉኛል። ከእኛ ደን በላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ግን አልቀለዱም። የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፣ ትልቅ ሰው፣ ፈረሳቸውን ከእኛ አጥር ሥር እያሰማሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተከታትለዋል።

"ይሄ ነገር ሳር አይበላም?" አሉ አንድ ቀን።

"አይበላም አባባ፣ ቤንዚን ነው የሚጠጣው" አለቻቸው ልጄ።

"እንግዲያው ከፈረሴ ይሻላል። የኔ ፈረስ የሰው ማሳ ካልሆነ አይጥመውም።" ከዚያ ወደ ኩርባው አዩና በኦሮምኛ "ሱታ፣ ሱታ" አሉ። ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው። ያን ቃል ከአፋቸው ስሰማ አንድ ሰው እንኳ ተረዳኝ ብዬ ትንሽ ተንፈስ አልኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጆንያ አፈር እየሞሉ ሞከሩት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ አይደለም። እኔ እቆጥር ነበር፤ ሃያ ጊዜ ወርዶ ሃያ ጊዜ ኩርባው ላይ ዝግ ብሎ ታጠፈ። ዝናብ መትቶትም ወርዷል። ባለቤቴ መስቀል ባለፈ በማግስቱ ሰው ጭነን እንመርቀዋለን አለ። ልጄ ትነዳለች። ሽማግሌው መሃል ይቀመጣሉ፤ ጠይቀው ነው፣ "ካልወጣሁበት ፈረሴ ይታዘበኛል" ብለው። ባለቤቴ ከኋላ ሁለተኛውን ፍሬን ይይዛል።

"አንቺስ?" አለችኝ ልጄ።

"እኔ ከታች እጠብቃችኋለሁ።"

"እማ፣ አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበልሽ እስቲ። አንቺ እኮ ከኛ ይልቅ ፍርሃትሽን ነው የምትወጂው።"

ይህ ቃል ገባኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠኝ አድሮ በምረቃው ዕለት ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኔም የምችለውን ላድርግ አልኩ። ብየዳ አላውቅም፣ ቶርኖ አላውቅም፣ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ግን አንድ ነገር ሲመረቅ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሙሽራ ሲገባ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ማጭዴን ይዤ ረግረጉ ውስጥ ገባሁ። መስከረም ነው፣ ቄጠማው እስከ ወገቤ ይደርሳል፣ ውሃው ከስሩ ይንጠባጠባል። ሦስት ሸክም አጨድኩ። ከቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ጀምሬ ቁልቁል ጎዘጎዝኩት፤ ሐዲዱ መሃል፣ ሐዲዱ ዳር፣ ሐዲዱ ላይ። በተለይ ሐዲዱ ላይ። ጎማው በለምለም ላይ ይሂድ ብዬ፣ መንገዳቸው ለምለም ይሁን እያልኩ፣ እየጸለይኩ ጎዘጎዝኩት። ከኩርባው ሃያ ርምጃ ሲቀረኝ እግሬ ቆመ። የተረፈኝ አንድ እቅፍ ነበር። ኩርባውንም ላድርሰው ብዬ አንድ እግሬን አነሳሁ፤ የወንዙ ድምፅ መጣብኝ፤ መልሼ አሳረፍኩት። የተረፈውን እዚያው በቆምኩበት ቦታ ላይ አራገፍኩት።

ልጄ ስትወጣ አየችው። ቆመች።

"እማ! አንቺ ነሽ?"

"ማን ሊሆን ነው?"

መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! "ሙሽራ አደረግሽው እኮ" አለችኝ። ባለቤቴም ኮፍያውን አውልቆ አየው። ሽማግሌው ጫማቸውን ቄጠማው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርገው "ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው" አሉ። ሦስት አዋቂ ሰው፣ አንዱ ዕድሜውን ከፍሬን ጋር የኖረ መካኒክ፣ ያን ቄጠማ አይተው መረቁኝ። ቄጠማ እኮ ነው። ቄጠማን ማን ይጠረጥራል?

እኔ ወርጄ ቄጠማው ያለቀበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ልጄ ከላይ ክላክሱን ነፋችው። ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ፣ ከዚያ ቀይ የተቀባው ግንባሩ በጽዶቹ መሃል ብቅ አለ። ልጄ ነጭ ሹራብ ለብሳለች። እየሳቀች ነበር፤ ጥርሷን ከዚያ ድረስ አየሁት። ሽማግሌው ዱላቸውን እንደ ጦር ቀጥ አድርገው ይዘዋል።

ከዚያ ሳቋ ጠፋ።

እጇ ፍሬኑ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ስትስበው፣ ከወገቧ ስትጎተት አያለሁ። ጎማዎቹ ቆመዋል። አይዞሩም። ባቡሩ ግን ይመጣል። ይህን እስካሁን ለሰው ማስረዳት ያቅተኛል፤ ጎማው የቆመ ባቡር፣ ድምፅ የሌለው፣ በጭቃ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው እየፈጠነ የሚመጣ ባቡር። ባለቤቴ ከኋላ "ያዢው! ያዢው!" ይላል። "ይዤዋለሁ!" ትላለች። እኔን ስታይ "እማዬ ዞር በይ!" አለች። እኔ ዞር አላልኩም፣ ወደ እሷም አልሄድኩም። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ የሚይዘኝ ይመስል፣ የምይዘው ይመስል።

አጠገቤ አለፈ። የሹራቧ እጅጌ ጣቶቼን ነካ።

ወዲያው አንድ ጩኸት ተሰማ፣ ብረት ከብረት፣ ጥርስ የሚያወልቅ። እሳት ብልጭ አለ። ባቡሩ ተንቀጠቀጠ፣ ኩርባውን ግማሽ ድረስ ገባ፣ የኋለኛው ፉርጎ አንድ ጎኑ ከሐዲዱ ወጣና ቆመ። የሽማግሌው ዱላ ከእጃቸው ወጥቶ ገደሉ ገባ፤ ከድንጋይ ድንጋይ ሲላተም ሰማነው፣ ከዚያ ዝም አለ።

መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው። "ከፈረስ ስወድቅ" አሉ ቀስ ብለው እየወረዱ፣ "ፈረሱ ቢያንስ ያፍራል።" ከዚያ ተቀመጡና ውሃ ለመኑን።

ልጄ ፍሬኑን አልለቀቀችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው አባቷ ያላቀቀው። "ይዤው ነበር አባባ፣ ይዤው ነበር" ትላለች። "አውቃለሁ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ሸራው ነው፣ ፍሬን ሸራው ነው" ይላል እሱ። እኔ ኩርባው ድረስ መሄድ አልቻልኩም። ሃያ ርምጃ ላይ ቆሜ ጮህኩባቸው።

"አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?"

ያን ያልኩት እኔ ነኝ። ቄጠማው ጫማዬ ስር ተለጥፎ።

ከሰዓት በኋላ የሽማግሌው ፈረስ በክፍቱ በር ገባና ቄጠማውን ከላይ እስከ ታች ለቅሞ በላው። ማንም አላባረረውም። ባለቤቴ ባቡሩን በገመድ ስቦ አስገባና ፍሬኑን በትኖ መሬት ላይ ደረደረው። በማግስቱ ገጣጠመው። በሦስተኛው ቀን እንደገና በተነው። ፍሬኑ ምንም የለውም። ምንም የሌለው ነገር ነው ሰውን የሚያሳብደው።

ማክሰኞ ዕለት ሦስተኛው ሸክም የታሰረበትን ገመድ ላነሳ ወጣሁ። ፈረሱ የተወው ጥቂት ቄጠማ ከሐዲዱ ጋር ተጨፍልቆ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል፣ እንደ ተቀባ ነገር። ሳላስበው ረገጥኩት። በጀርባዬ ነው የወደቅኩት። ተኝቼ ሰማዩን እያየሁ ገባኝ። ተነስቼ ሐዲዱን ተከትዬ ወረድኩ። አረንጓዴው፣ አረንጓዴው፣ አረንጓዴው፤ ከዚያ የተረፈኝን እቅፍ ያራገፍኩበት ቦታ። ከዚያ በታች ብረቱ ደረቅ ነው፣ ጎማው የጫረው ነጭ መስመር ይታያል። መስመሩ የሚጀምረው እግሬ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ያን አንድ እቅፍ ኩርባው ላይ ባደርሰው ኖሮ ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። እስካሁንም አልጨረስኩትም።

መናገር ነበረብኝ። ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ በዘይት በተጨማለቀ እጁ ፊቱን ይዞ ተቀምጧል።

"አፈርሰዋለሁ" አለኝ። "አንቺ ልክ ነበርሽ። ሐዲዱን ነቅዬ ለአጥር አደርገዋለሁ።"

ከስንት ወር ጀምሮ የምለምነው ነገር በራሱ እጄ ገባ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፣ ዝም ማለት ብቻ። ባቡሩ ይፈርሳል፣ ልጄ ከገደሉ ትርቃለች። ከአፌ የወጣው "ቡና ላፍላልህ?" የሚል ብቻ ነው።

ዝም ባልኩባቸው ቀናት ቤቱ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ልጄ ደን አትወጣም። ብየዳ ጓንቷን ሣጥን ስር ጣለችው። ስልኩ ሲጠራ እንደ ድሮው ወደ ጓሮ ትወጣለች። እኔ ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር እላለሁ፤ ወጥ ሁለት ጊዜ አሳረርኩ። ለራሴ እላለሁ፤ ስልክ ማንንም ገድሎ አያውቅም፣ ገደል ግን ይገድላል። መልሼ ደግሞ፤ ገደሉን ቢያንስ ቆሜ አየዋለሁ፣ አረብ አገርን ግን ከየት ቆሜ ነው የማየው?

አንድ አርብ ልብሷን ላጥብ ኪሷን ስፈትሽ ፎቶ ወጣ። አራት ጉርድ ፎቶ፣ ጀርባው ነጭ፣ ጆሮዋ እንዲታይ ጸጉሯን ወደ ኋላ ይዛ። አብሮት የጤና ምርመራ ቀጠሮ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ሰኞ ይላል። ፎቶው ላይ አትስቅም። ሳትስቅ ተነሺ ተብላ ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ላይ ሲወድቅ ያየሁት ፊት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ረግረጉ ወርጄ አንድ ሸክም ቄጠማ አጨድኩ። ቤት ሳልገባ በሩ ላይ ቆሜ ጠራኋቸው።

"ኑ ውጡ። ሁለታችሁም።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ኑ አልኳችሁ።"

በአፌ መናገሩን አልቻልኩበትም። ከላይ ፍሬን ያለበትን የኋለኛውን ፉርጎ በገመድ ይዘን ቀስ እያልን አወረድነው፤ ባለቤቴና ልጄ ኩርባውን አሻገሩት፣ እኔ በማሳው በኩል ዞሬ ታችኛው በር ጋ ጠበቅኋቸው። እዚያ ሜዳ ነው፣ ገደል የለም። ቄጠማውን ሐዲዱ ላይ ጎዘጎዝኩት።

"አሁን ግፉት" አልኩ። "አንተ ፍሬኑን ያዝ።"

ልጄ ገፋችው። እሱ ፍሬኑን ያዘ። ጎማው ቆመ፣ ፉርጎው ግን ቄጠማው ላይ ሽው ብሎ ሄደ፤ ቄጠማው ሲያልቅ ቀጥ አለ። እንደገና ግፉት አልኩ። እንደገና። አራተኛውን አልጠበቀም። ባለቤቴ ተንበርክኮ ጣቱን ሐዲዱ ላይ አሻሸና አሸተተው።

"አሸዋ" አለ።

"ምን?"

"አባቴ... ባቡሩ ስር ሣጥን ነበረ፣ የአሸዋ ሣጥን። ጎማ ሲያዳልጥ አሸዋ ሐዲዱ ላይ ያፈሱ ነበር። እኔ ነበርኩ እኮ ደረቅ አሸዋ እየነፋሁ የማቀብላቸው። እንዴት ረሳሁት?" መሬት ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። የተቆጣችኝ ልጄ ናት፤ ድምፅዋን ሳታነሳ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ከማክሰኞ።"

"ከዚህ ማክሰኞ?"

"ከዚያ በፊት ካለው።"

"አሥራ አንድ ቀን! አባባ ሌሊት ሌሊት ሲቃዥ፣ እኔ እጄን እያየሁ፣ አልያዝኩት ይሆን እያልኩ... አሥራ አንድ ቀን ዝም አልሽ?"

"አዎ።"

"አሁንስ ለምን ተናገርሽ?"

"ፎቶሽን አየሁት።"

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ወደ ከተማው ቁልቁል ሄደች። ወደ ኋላ ስትዞር ለማየት መንገዱ እስኪያልቅ ቆምኩ። አልዞረችም።

ሰኞ ጠዋት ለብሳ ወጣች። የምርመራው ቀን ነው። አልጠየቅኳትም፤ አጥሩን ይዤ ቆምኩ፣ ትንሽ እያለች እንደማደርገው። ወደ ታች ትወርዳለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ላይ ታጠፈች። እስክጠራ አልጠበቅኩም፣ ነጠላዬን ሳላጣፋ ተከተልኳት። ስደርስ አባቷ ላሜራ እየቆረጠ ነው፣ እሷ መነጽሯን አጥልቃ ሞተሩ ስር የሚገባውን የአሸዋ ሣጥን ትበይዳለች። ቀና ሳትል ተናገረችኝ።

"የምርመራው ቀጠሮ ወረቀት ለወር ይሠራል። አልሄድም አላልኩም።"

"እሺ።"

"ደግሞ ሣጥኑ ቀጥ ላለው መንገድ ነው። ኩርባው ላይ ግን ቅጠልም ጤዛም ይኖራል። ሁልጊዜ ከመውረዳችን በፊት የሚጠርገውና አሸዋ የሚያደርግበት ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ነሽ።"

"ኩርባው ላይ?"

"ኩርባው ላይ።"

ባለቤቴ መቁረጡን አቆመ። ስለ እግሬ ያውቃል። "እኔ ላደርገው እችላለሁ" አለ። ልጄ ግን መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ እኔን ነው የምታየው።

እንግዲህ አሁን ሥራዬ ይህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ የሚመጡ አሉ፤ ሽማግሌውም አዲስ ዱላ ቆርጠው መጥተው ሁለት ጊዜ ወርደዋል፣ "ሱታ" እያሉ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ መጥረጊያና በቢላ አፉ ተከፍቶ አሸዋ የተሞላ ጀሪካን ይዤ እወርዳለሁ። የባህር ዛፉን ቅጠል እጠርጋለሁ። ሃያ ርምጃ ሲቀረኝ እግሬ ይቆማል፤ ዛሬም ይቆማል፣ አልዋሻችሁም። ያኔ እንበረከካለሁና በእጄ ሐዲዱን ይዤ፣ ሐዲዱ ይቀዘቅዛል፣ በጉልበቴ እየተሳብኩ እሄዳለሁ። ወንዙ ይጮኻል። አሸዋውን በጭብጤ እየዘገንኩ አንድ በአንድ አደርገዋለሁ። ፓስፖርቱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላው ስር እንዳለ ነው፤ ጠዋት ሳልነካው አልወጣም። ወሩም ሊሞላ ነው።

ልጄ ከላይ ክላክሱን አንድ ጊዜ ትነፋለች። ጨርሰሻል ወይ ማለቷ ነው። ነጠላዬን እስካነሳ ድረስ አትንቀሳቀስም። አንዳንዴ ጨርሼም ትንሽ አቆያታለሁ፤ ሐዲዱን እንደገና በመዳፌ አብሼ አየዋለሁ፣ አሸዋው እጄን ይቧጭረኛል። እሷም ታውቃለች መሰለኝ፤ ሁለተኛ አትነፋም፣ ትጠብቀኛለች። ከዚያ ነጠላዬን አነሳለሁ።